በኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ላይ የአደጋ መሣሪያ ከውጭ ስለ ማኖር የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምናገርበት ነገር ለሚሰማው ሰው እጅግ ትንሽ ይመስላል። ስለ አንድ ሣጥን ነው። በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሄድ አውቶሞቢል ያለው ሰው፥ ለክፉ ቀን የሚያስፈልገውን መሣሪያ የሚያኖርበት ሣጥን ከአውቶሞቢሉ ውስጥ ይሁን ወይስ ከውጭ ይሁን የሚል ጥያቄ ነው። ከእናንተ መካከል አባቱ አውቶሞቢል ያለው ጥቂት ነው፤ ምናልባትም አንድም ላይኖር ይችላል። ነገር ግን ነገሩ ከባለ አውቶሞቢሉ ይልቅ በመንገድ ዳር የሚኖረውን ሰው የሚመለከትበት ወገን አለውና፥ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር፥ በኤሌክትሪክ ከሚሠራ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቤንዚንና ናፍጣ ከባሕር ማዶ በውጭ ገንዘብ ይገዛሉ፤ ኤሌክትሪክ ግን ከገዛ ወንዞቻችን ይገኛል፤ በዓባይ ላይ የተሠራውም ታላቁ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከዚህ የተነሣ ይህ አዲስ አውቶሞቢል በአዲስ አበባ ከተማ ብቻ ሳይወሰን፥ ወደ አዳማ፥ ወደ ሐዋሳና ከዚያም አልፎ በሚወስደው መንገድ መታየት ጀምሯል። ቀስ ብሎ ሲያልፍ የሚሰማው የጐማው ድምፅ ብቻ ያህል ስለ ሆነ፥ ከብት እንኳ ዞር ብሎ አያየውም። ይህ ራሱ አንድ አደጋ ነው፤ ነገር ግን የዛሬው ርእሳችን አይደለም።

አስቀድመን የቀድሞዎቹ ተሽከርካሪዎች መሣሪያቸውን እንዴት እንደሚይዙ እናስብ። ወደ ጅቡቲ የሚመላለሰውን የጭነት መኪና ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ስኮርታ ጐማው ከሻንሲው በታች ወይም ከጐኑ ታስሯል፤ የመሣሪያው ሣጥን ከጭነቱ ሥር በጐን በኩል ነው፤ የውኃው ጀሪካንና ገመዱ በውጭ ተንጠልጥለዋል፤ ታኮውም ረዳቱ እጁን ሲሰድ በሚያገኝበት ስፍራ ነው። መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ረዳቱ ቍልፍ ሳይጠይቅ ዘሎ ወርዶ ታኮውን ከጐማው ሥር ይወሽቃል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በጥቂት ሰከንድ ነው። ታኮው በጋቢናው ውስጥ ከመቀመጫ በታች ተቀብሮ ቢሆን ኖሮ፥ መኪናው ታኮው እስኪገኝ ድረስ ባልጠበቀ ነበር።

ይህ ልማድ የእኛ ሾፌሮች ብቻ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ሠራዊት ይጠቀምበት የነበረው ጂፕ፥ አካፋውና መጥረቢያው በሾፌሩ ወገን ከጐኑ በጠፍር ታስረው፥ ትርፍ ጐማውና የነዳጁ ጀሪካን ከኋላው ተሰቅለው ይሄድ ነበር። ከዚያም በፊት የተሠሩ ብዙ አውቶሞቢሎች በጐናቸው ባለው መረገጫ ላይ የመሣሪያ ሣጥን ነበራቸው። የስፍራ መጥበብ አንዱ ምክንያት እንደ ሆነ አልክድም፤ ይሁን እንጂ በውጭ የታሰረን አካፋ ማንም አላፊ ወታደር ሊያነሣው ይችል ነበር፤ ጂፑ በጭቃ ቢያዝም ቢገለበጥም አካፋው ከዐይን አይሰወርም። ኋላ የአውቶሞቢል ገላ እየለሰለሰና እየተዘጋ ሲሄድ መሣሪያው ሁሉ ወደ ውስጥ ገባ። በቤንዚን አውቶሞቢል ይህ ብዙ ችግር አላመጣም፤ በሩም የኋላ ክዳኑም በተራ የብረት ቍልፍ ይከፈት ነበርና።

የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ግን አሠራሩ ልዩ ነው። ሁለት ባትሪ አለው። ታላቁ ባትሪ ከወለሉ በታች የተነጠፈ ነው፤ ክብደቱ ብዙ መቶ ኪሎ ይሆናል፤ ኃይሉም በአብዛኛው 400 ቮልት ያህል፥ በአንዳንዱም 800 ቮልት ያህል ነው። ጐማዎቹን የሚያዞረው እርሱ ነው። ትንሹ ባትሪ ደግሞ በአብዛኛው እንደ ማናቸውም አውቶሞቢል ባትሪ 12 ቮልት ነው፤ የበሩን መክፈቻ፥ መብራቱን፥ ጥሩንባውን፥ የመስተዋቱን ማውረጃና እንደ አእምሮ የሚያገለግሉትን ኮምፒዩተሮች የሚያሠራው ይኸው ትንሹ ነው። ከዚህም በላይ ታላቁን ባትሪ ከሞተሩ ጋራ የሚያገናኘው ማብሪያ የሚሠራው በትንሹ ባትሪ ኃይል ነው። ስለዚህ ትንሹ ባትሪ የሞተ እንደ ሆነ፥ ታላቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም እንኳ አውቶሞቢሉ ከቆመበት አይነሣም። ጐተራው እህል ተሞልቶ ሳለ ቍልፉ የጠፋበትን ቤት ይመስላል።

እንግዲህ አንድ መንገደኛ አውቶሞቢሉን ከመንገድ ዳር አቁሞ፥ ወርዶ በሩን ዘጋ እንበል። ሲመለስ ትንሹ ባትሪ ሞቷል፤ በሩም አይከፈትም። የበሩ እጀታ ከቈርቈሮው ጋራ ተስተካክሎ ወደ ውስጥ የሚገባ ዐይነት ከሆነማ እጁን የሚያሳርፍበት እንኳ አያገኝም። ባትሪ የሚያስነሣበት ገመድ፥ ክሪኩ፥ መፍቻው፥ የመጐተቻው ቀለበት ሁሉ ከፊተኛው ኮፈን ሥር ወይም ከኋላ ከሻንጣ ማስቀመጫው ናቸው፤ በብዙዎቹም እነዚህ ስፍራዎች የሚከፈቱት በኤሌክትሪክ ነው። መሣሪያው የሚፈለገው በሩ ስላልተከፈተ ነው፤ በሩም ካልተከፈተ መሣሪያው አይገኝም።

ሠሪዎቹ ይህን አላሰቡትም ማለት አይደለም። በቴስላ ሞዴል 3 አውቶሞቢል ፊተኛው ፓራውልት ላይ የመጐተቻ ቀለበት የሚገባበት ቀዳዳ ክዳን አለ፤ ከክዳኑ ኋላ ቀይና ጥቍር ሁለት ቀጭን ሽቦዎች ይገኛሉ። ባትሪው በሞተ ጊዜ 12 ቮልት የሚሰጥ መሣሪያ ከውጭ ሲያገናኙባቸው የፊተኛው ኮፈን ይከፈታል፤ ከኮፈኑም ሥር ትንሹን ባትሪ ያገኙታል። ብልኀቱ መልካም ነው። ነገር ግን ባለቤቱ ያን 12 ቮልት የሚሰጠውን መሣሪያ እዚያው ከኮፈኑ ሥር አኑሮት ከሆነ ሽቦዎቹ ምን ይጠቅሙታል? ሌሎች ብዙ አውቶሞቢሎች ከበሩ እጀታ ላይ በትንሽ ክዳን የተሸፈነ የብረት ቍልፍ መግቢያ አላቸው፤ ቍልፉም በኪስ ከሚያዘው የኤሌክትሪክ መክፈቻ ውስጥ ተሸጕጦ ይገኛል። ይህ ሻል ያለ ነው፤ ሆኖም ብዙ ባለ አውቶሞቢል መኖሩን አያውቅም። ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ፥ የአውቶሞቢሉን መጽሐፍ የሚያነበው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

የሚጠፋው ጊዜና ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ድረስ መጥቼ ባላደከምኋችሁ ነበር። በአሜሪካ የአውራ መንገድ ደኅንነትን የሚጠብቀው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመስከረም ወር 2025 ዓ.ም.፥ የ2021 ሥሪት በሆኑ 174,000 ያህል የቴስላ ሞዴል ዋይ አውቶሞቢሎች ላይ ምርመራ ጀመረ። ከቀረቡት አቤቱታዎች በብዛት የሚነገረው የወላጆች ነገር ነበር። ልጃቸውን ከኋላ መቀመጫ ለማውረድ፥ ወይም አስቀምጠው ለመሄድ ሲሰናዱ፥ የውጭው እጀታ ሥራውን አቁሞ ልጁ ከውስጥ እነርሱ ከውጭ ቀሩ። አንዳንዶቹም መስተዋት ሰብረው ልጃቸውን አወጡ። አውቶሞቢሉ ከውስጥ በእጅ የሚከፈትበት መንገድ አለው፤ ሕፃን ልጅ ግን አያውቀውም፥ ቢያውቀውም እጁ አይደርስበትም። ተዘግቶ በፀሐይ የቆመ አውቶሞቢል በ10 ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ የሕፃንም ሰውነት ከትልቅ ሰው ይልቅ ፈጥኖ ይግላል። በአዋሽ ወይም በሚሌ ቀትር ላይ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የቻይና መንግሥትም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2026 መጀመሪያ አንድ ደንብ አወጣ፤ ደንቡም ከ2027 ጀምሮ በሥራ ላይ እንዲውል ተወስኖ፥ የአውቶሞቢል በር ከውስጥም ከውጭም ያለ ኤሌክትሪክ በእጅ የሚከፈትበት መሣሪያ እንዲኖረው ያዝዛል። ወደ አገራችን ከሚገቡት የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ብዙዎቹ በቻይና የተሠሩ ስለ ሆኑ፥ ደንቡ ውሎ አድሮ ለእኛም መጥቀሙ አይቀርም። አስቀድመው የተሸጡት ግን እንደ ተሠሩ ይኖራሉ።

እስካሁን ከውጭ የቀረው ሰው ባለቤቱ እንደ ሆነ አድርጌ ተናገርሁ። ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። አውቶሞቢሉ ተጋጭቶ ወይም ከመንገድ ወጥቶ ባለቤቱ ከውስጥ ራሱን ስቶ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ ከውጭ የሚገኘው ማን ነው? ከከተማ የእሳት አደጋ መኪና እስኪደርስ ብዙ ሰዓት ያልፋል። አስቀድሞ የሚደርሰው ፍየል ጠባቂው፥ ውኃ ቀድታ የምትመለሰው ልጅ፥ ከትምህርት ቤት የሚወጣው ተማሪ ነው። ስለዚህ ከውጭ የሚቀመጥ መሣሪያ የባለቤቱ ዕቃ ብቻ ሳይሆን፥ ስሙን ለማያውቀው ረዳት ያኖረው አደራ ነው።

«ሌባስ?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ሣጥኑ ቢቈለፍ ረዳቱ አይከፍተውም፤ ባይቈለፍ ሌሊት ይወሰዳል። እኔ የምመርጠው መሣሪያውን ከሁለት መክፈልን ነው። ዋጋው ትንሽ ሆኖ ሕይወት የሚያድነው በማይቈለፍ ሣጥን ይሁን፤ ይኸውም ሁለት የእንጨት ታኮ፥ የሚያብረቀርቀው ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት፥ ጠንካራ ገመድ፥ አንድ ብርድ ልብስ፥ መስተዋት የሚሰበርበት ሹል መዶሻ ነው። ታኮ ቢሰረቅ አናጺ ሌላ ይጠርባል። ዋጋው ከፍ ያለው፥ ማለት ባትሪ ማስነሻው፥ ክሪኩ፥ መፍቻውና የመጐተቻው ቀለበት፥ በተራ የብረት ቍልፍ በሚቈለፍ በሁለተኛው ሣጥን ይሁን፤ ቍልፉም ከባለቤቱ ኪስ አይለይ።

በማይቈለፈው ሣጥን ላይ በጕልህ ፊደል «የአደጋ መሣሪያ፤ በአደጋ ጊዜ ማንም ይክፈተው» ተብሎ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ይጻፍበት። ይህን የምለው ለጌጥ አይደለም። የሰው ዕቃ መንካት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ልጅ፥ ሰው በጭንቅ ላይ ሳለ እንኳ ሣጥኑን ለመክፈት ያፍራል፤ ጽሕፈቱ ግን ፈቃድ ይሆነዋል።

ስለ መዶሻው አንድ ነገር ልጨምር። የአውቶሞቢል መስተዋት ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። አንዱ ሲመታ እንደ ጨው የሚበታተን ነው፤ ሌላው ግን በሁለት መስተዋት መካከል ስስ ፕላስቲክ የተለጠፈበት ድርብ መስተዋት ነው፤ ይሰነጠቃል እንጂ አይበታተንም። የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር በ2019 ስድስት ዐይነት መስበሪያ ፈትኖ፥ አራቱ የመጀመሪያውን መስተዋት ሲሰብሩ፥ ድርቡን ግን አንዱም ሊያልፍበት እንዳልቻለ አስታወቀ። የመስተዋቱ ዐይነት ከማዕዘኑ ላይ በትንሽ ጽሕፈት ተጽፏል። ባለቤቱ ይህን አስቀድሞ አንብቦ የሚሰበረው የትኛው እንደ ሆነ ከሣጥኑ ክዳን ላይ ይጻፈው። ረዳቱም ከሕፃኑ የራቀውን መስተዋት መርጦ፥ መካከሉን ሳይሆን ከማዕዘኑ አጠገብ ይምታ።

ሣጥኑ የት ይታሰር? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከወለሉ በታች ከቶ አይሆንም፤ እዚያ ታላቁ ባትሪ አለና፥ በመሰርሰሪያ የሚበሳው ሰው ምን እንደሚበሳ አያውቅም። የክሪክ ማስደገፊያው ስፍራ፥ የኤሌክትሪክ መሙያው ክዳንና የካሜራዎቹ ዐይን እንዳይሸፈኑ መጠንቀቅም ያሻል። ፖርቶመጋላ ላይ መስቀል ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከላይ የተሰቀለ ሣጥን ነፋስ ይዞ ባትሪውን ቶሎ ያስጨርሳል፥ ልጅም አይደርስበትም፤ አውቶሞቢሉ ከተገለበጠም ከሥር ይቀራል። ስለዚህ ከኋላ፥ ሠሪው ዕቃ እንዲሰቀልበት ባዘጋጀው ስፍራ፥ ከልጅ ደረት ባልበለጠ ከፍታ፥ የታርጋውንና የመብራቱን መታየት ሳይከለክል ቢታሰር ይሻላል። እንዲህ ያለ ስፍራ የሌለው አውቶሞቢል ብዙ ነው፤ የዚያ ባለቤት ትንሽ ሣጥን ከፖርቶመጋላው የኋላ ጫፍ ዝቅ አድርጎ ይሰር። ክዳኑ አቧራና ዝናብ የማያስገባ ጐማ ይኑረው፤ ሥሩም ውኃ የሚያፈስስ ትንሽ ቀዳዳ ይኑረው።

ፀሐይም የራሷ ጥፋት አላት። በሊቲየም የሚሠራው ባትሪ ማስነሻ ለብዙ ሰዓት በሚግል የብረት ሣጥን ውስጥ ሊኖር አይገባውም፤ ባለቤቱ ሲወርድ በትከሻው በሚይዘው ቦርሳ ቢያኖረው ይመረጣል፤ ያም ቢሆን ከአውቶሞቢሉ ውጭ ማለት ነው። በሣጥኑ ውስጥ ግን ረጅም የማስነሻ ገመድ ቢኖር ከሌላ መኪና ባትሪ 12 ቮልት ለመበደር ይበቃል። የእሳት ማጥፊያውም ከ60 ዲግሪ በላይ እንዲግል አይፈቀድም፤ በነጭ ከረጢት ይሸፈን፥ የመርፌውም ምልክት ከአረንጓዴው ስፍራ መሆኑ በየወሩ ይታይ።

እሳት ማጥፊያን ካነሣሁ አይቀር በግልጽ ልናገር። በእጅ የሚያዘው እሳት ማጥፊያ የመቀመጫን ጨርቅ ወይም የሽቦን ትንሽ እሳት ያጠፋል፤ ታላቁን ባትሪ ግን አያጠፋም። ያ ባትሪ አንድ ጊዜ ከውስጡ መጋል ከጀመረ አንዱ ክፍል ሌላውን እያቀጣጠለ ይሄዳል፤ የሠለጠኑት ሰዎች እንኳ ለማብረድ ብዙ ሺህ ሊትር ውኃ ይፈጃሉ። ስለዚህ ከአውቶሞቢሉ ሥር ጢስ ሲወጣ ወይም እንደ እባብ ያለ የማፏጨት ድምፅ ሲሰማ፥ በውስጡ ያለውን ሰው ማውጣት የሚቻል ከሆነ ፈጥኖ አውጥቶ መራቅ ነው። ጢሱ መርዛም ስለ ሆነ ነፋሱ በሚመጣበት ወገን መቆም ይገባል። ዕቃ ለማዳን ብሎ መመለስ አይገባም።

ጢስ ከሌለ ደግሞ አስቀድሞ የሚደረገው ታኮውን ከጐማው ፊትና ኋላ መወሸቅ ነው፤ ድምፅ ስለሌለው የጠፋ የሚመስል አውቶሞቢል ሊንቀሳቀስ ይችላልና። ከፊቱ ወይም ከኋላው ሳይሆን በጐኑ ቅረቡ። ብርቱካንማ ቀለም ያለው ወፍራም ገመድ ብታዩ፥ የተበጠሰም ይሁን ያልተበጠሰ፥ ከቶ አትንኩት፤ የታላቁ ባትሪ ኃይል የሚያልፍበት እርሱ ነው። ባለ ሦስት ማዕዘኑን ምልክት በመንገዱ ላይ ርቃችሁ አኑሩት፥ ከትላልቆቹም አንዱ ሌላ መኪና ያስቁም።

በጭቃ የተያዘውን በበሬ ወይም በትራክተር ጐትቶ ከመንገድ ዳር ማድረስ ሌላ ነው፤ በገመድ አስሮ እስከ ከተማ መጐተት ሌላ ነው። ጐማው ሲዞር ሞተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ ይፈጥራልና ይበላሻል፥ ሊቃጠልም ይችላል፤ ስለዚህ ወደ ከተማ የሚሄደው በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ነው። የተጋጨ ወይም እሳት የነካው አውቶሞቢል እሳቱ ከጠፋ በኋላም ከሰዓታት፥ አንዳንድ ጊዜም ከቀናት በኋላ ተመልሶ ሊነድ ስለሚችል፥ ከሣር ቤት፥ ከእህል ክምርና ከበረት ቢያንስ 15 ሜትር ርቆ ይቁም። የባለቤቱ ወዳጅነት ወይም እንግዳ አክባሪነት በግቢ ውስጥ እንዲያድር አያስፈቅድለት፤ ሰውየው ግን በቤት ይደር።

ክቡራን መምህራን፤ በትምህርት ቤታችሁ ግቢ አውቶሞቢል ባይኖርም፥ ርዝመቱ አራት ሜትር ተኩል፥ ወርዱ ሁለት ሜትር ያህል የሆነ ሥዕል በመሬት ላይ በኖራ ሥላችሁ፥ ሣጥኑ የሚሆንበትን፥ ታኮው የሚገባበትን፥ ታላቁም ባትሪ የተነጠፈበትን ስፍራ ለተማሪዎች አሳዩአቸው። 15 ሜትሩንም ልጆቹ ራሳቸው በርምጃ ይለኩት፤ ለዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ 25 ርምጃ ያህል ይሆናል።